የማይቆጠሩ ሰዓታት

ኅዳር 4

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ እማዬ ትጠራኛለች፤ ተነስቼ ስመለስ ደግሞ የጀመርኩት ዐረፍተ ነገር ወዴት ሊሄድ እንደነበር ይጠፋኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የእማዬ ቀኝ እጅ፣ ግማሽ ጎኗ ከተመታ ወዲህ እንደነበረ ነው። ማንኪያ ትይዛለች፣ ብርጭቆ ግን አይታመንም። እግሯን እንዳሳየሽኝ ጠዋት ጠዋት አሻታለሁ። መድኃኒቷን አላቋረጥንም። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የስፌት መኪናዋን እኛ ሳሎን አምጥታ እየሰፋች ትጠብቃታለች። መኪናው ሲንኳኳ እማዬ አሁንም ስልክ ቤት ሥራ ላይ ያለች ይመስላታል መሰለኝ፣ «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋም «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ትላታለች። ስቀን እንሞታለን። አንዳንድ ነገር መርሳቷን ግን ቀጥላለች። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ትምህርቱ ደህና ነው። የከበደኝ ከትምህርት ውጪ ያለው ነው። ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ሁሉ «ፈጠራ፣ እንቅስቃሴ፣ አገልግሎት» የሚባል ግዴታ ወድቆበታል። እኛ «ሦስቱ» እንለዋለን። አረንጓዴ ደብተር ተሰጥቶናል፤ በየዓይነቱ ስልሳ ስልሳ ሰዓት መሙላትና ማስፈረም፣ በየወሩ ደግሞ «ምን ተማርኩ?» የሚል ገጽ ላይ መጻፍ አለብን። ያልሞላ የመጨረሻው ፈተና ላይ አይቀመጥም። ፈጠራውን ከክፍሌ ልጆች ጋር የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ በሥዕል እየሞላን በምሳ ሰዓት እንጨርሰዋለን። እንቅስቃሴው ያው ሩጫ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሜም ቀጮ ነው፣ የምሸከመው ሥጋ የለኝም።

አገልግሎቱን ግን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። እማዬን ያጠብኩበትን፣ ያበላሁበትን፣ ሐኪም ቤት ያመላለስኩበትን ሰዓት ከመስከረም ጀምሮ አንድም ሳልጨምር መዘገብኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ ልጆቹ ሰዓት ቆጣሪው የሚሉት መምህር፣ ደብተሬን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አወረደበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያሰምር ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ለቤተሰብ የሚደረግ አይቆጠርም፣ የኔ ልጅ። መመሪያው ነው» አለኝ። ያን ቀን ማታ ለእማዬ ሾርባ ሳጠጣት ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ ሲገባኝ አፈርኩ።

የምትመጪበትን ወር ንገሪኝ። ለእማዬ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

እህትሽ ቀጮ


ኅዳር 26

የኔ ቀጮ፣

ደብዳቤሽ ከነዳጁ መኪና ጋር ትናንት ደረሰኝ። ካምፑ ስልክ እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ መኪናው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብዘገይ አትቀየሚኝ። ባለፈው የጻፍኩልሽ ጣቴም ድኗል፣ አትጨነቂ። የቆረጠው የመድኃኒት ጠርሙስ እንጂ ሰው አይደለም።

አስተባባሪውን አትጣዪው። እኔም እዚህ ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን የማዕድን ሠራተኞች ቁስል ነው የማጥበው፤ ነርስ የሚያሰኘኝ የዚህ ሥራ ወረቀት ነው። የእናቴን እግር ያሸሁበት ቀን የሥራ ልምዴ ላይ የለም። ጨቅጫቃ አትሁኚ። ሌላ ቦታ ፈልጊና ስልሳውን ሙዪ። አንቺ ፈተናው ላይ ሳትቀመጪ ብትቀሪ እኔ እዚህ መቀመጤ ለምን ነበር?

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ከሰኔ በፊት አይሆንም አሉኝ። ይህን ጉዳይ ደግመሽ አትጻፊልኝ፤ ሆዴ ይባባል፣ ሥራም መሥራት ያቅተኛል።

«አንዳንድ ነገር መርሳቷን» ብለሽ የዘለልሽውን ግን እኔ አልዘለልኩትም። የምትረሳው ምንድን ነው? ከኔ የምትደብቂው ምልክት የሚጎዳው እሷን ነው።

እህትሽ


ጥር 12

እታለም፣

በሹፌሩ የላክሽው ሹራብ ደርሷል። ለእማዬ ጠበባት፣ እኔ ለበስኩት። እንዳትቀየሚ፣ ጥሩ ሹራብ ነው።

የምትረሳውን ልንገርሽ። ቀን ትረሳለች። ቧንቧ ከፍታ ትረሳለች። ጡረታ መውጣቷን ትረሳለች። አንድ ቀን ደግሞ «የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ ከመታት ነገር ጋር የመጣ ነው፣ ቀስ በቀስ ይታያል ብሏል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ሰዓት ቆጣሪው መላ ዘየደልኝ። ክፍላችን ውስጥ ሳቂታ የምንላት ልጅ አለች። «ደህና አደርሽ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ መሳቅ አለባት። እሷም አያቷን ስታስታምም የመዘገበችው ሁሉ እንደኔ ቀይ መስመር ወርዶበታል። ሰዓት ቆጣሪው ሁለታችንን ቢሮው አስጠርቶ፣ «አንቺ የሷን አያት፣ እሷ ያንቺን እናት። ያኔ ሁለቱም አገልግሎት ነው፣ ሁለቱም ይቆጠራል» አለን። ሳቂታ ሳቀች፣ እኔም ተከተልኳት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ተጨንቆ ያወጣው ሐሳብ መሆኑ ያስታውቅበታል።

ይኸው ከጀመርን ሳምንት ሆነን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ። ድልድዩ ጋ እንገናኝና ቁልፍ ተለዋውጠን፣ እሷ ወደኛ ቤት እኔ ወደነሱ ቤት። የትኛው መድኃኒት ከምግብ በፊት እንደሆነ ሳቂታ ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ነው የምትሄደው።

አያቷ ድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ጭንቅላታቸው ግን ከኔ ይበልጣል። ፊሽካቸው አሁንም አንገታቸው ላይ ነው፤ ለሻይ አንዴ፣ ለሽንት ቤት ሁለቴ ይነፋሉ። ሻዩ ከቀጠነ ከኪሳቸው ቢጫ ካርድ ይመዛሉ። ሁለቴ አስጠንቅቀውኛል። መስኮታቸው ከሰፈሩ ሜዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። ሩጫ እንደሚቀረኝ ስነግራቸው፣ «ውጪና ሩጪ፣ እኔ ከዚህ ሰዓት እይዝልሻለሁ» አሉኝ። «ምን ተማርኩ?» የሚለው ላይ «ሻይ ማወፈር» ብዬ ብጽፍ፣ ሰዓት ቆጣሪው እንደገና ጻፊ ብሎ መለሰልኝ።

ቀጮ


ጥር 29

ቀጮዬ፣

አጭር ነው የምጽፈው፤ ጉድጓድ ተንዶ ስድስት ሰው ተኝቶብኛል። ሁሉም ይድናሉ።

ስለ ዳኛው የጻፍሽውን ለበሽተኞቹ አነበብኩላቸው፣ ቁስላቸውን ይዘው ሳቁ። ስለ ሳቂታ የጻፍሽውን ግን ለብቻዬ ነው ያነበብኩት። ልጅቷን ሳላውቃት ቀናሁባት። የእማዬን ፀጉር የምታበጥረው እሷ ናት? ከጆሮዋ ጀርባ ስትነካ እንደሚያማት ንገሪያት።

አንድ ነገር በየደብዳቤሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ሁሌ ግን ዘለልሽው። እማዬ ስለ እኔ ትጠይቃለች? አዎ ወይም አይ በይኝ።

እህትሽ


የካቲት 14

እታለም፣

አዎ ወይም አይ በይ አልሽኝ። ሁለቱም አይደለም፤ ለዚህ ነው የዘለልኩት።

እስከ ጥር ድረስ በየቀኑ ትጠይቅ ነበር። «ትልቄ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ወንበሯን ወደ በሩ ታስዞረኛለች። ትመጣለች እላታለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ትጠይቀኛለች። አሁን አትጠይቅም፤ መጥተሻል ብላ ነው የምታስበው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሐሙስ ሐሙስ ቤተ ሙከራ አለን። አንድ ሐሙስ ሳቂታ ነጩን ካፖርት ሳታወልቅ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደኛ ቤት ሄደች። እማዬ ነጭ የለበሰች ልጅ እየሳቀች በበሩ ስትገባ አየችና «ትልቄ» አለቻት። «የኔ ነርስ፣ ለቀቁሽ?» አለቻት። ሳቂታ ምን ታድርግ? አይደለሁም አለቻት። እማዬ አልሰማቻትም፤ ጭንቅላቷን ይዛ ግንባሯን ሳመቻት። ልጅቷ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ዐመድ መስሎ ነበር፤ ይህን ሁሉ ነገረችኝና ቁልፉን ሰጠችኝ። «ይቅርታ» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች?

ከዚያ ወዲህ እማዬ ትበላለች። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከምሳ ጀምሮ ፀጉሬን አበጥሩልኝ ትላለች። በሐኪም ቤቱ ሚዛን ሁለት ኪሎ ጨምራለች። ሳቂታ ያንን ነጭ ካፖርት አሁን ሆን ብላ ለብሳ ትሄዳለች፤ ሳትለብስ የሄደች ዕለት እማዬ «ሥራ ለቀሽ እንዴ?» ብላ ስለደነገጠች ነው።

አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። «የማን ልጅ ነሽ?» ያለችኝ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ እማዬ አውቃኝ አታውቅም። ሠራተኛዋ ነኝ። ደስ ያላት ቀን ጎበዝ ሠራተኛ፣ የከፋት ቀን ሌባ ነኝ። ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ብነግርሽም ሳትመጪ እንዳትቀሪ ነበር የፈራሁት።

ምን ላድርግ? እውነቱን ልንገራት ወይስ ልተዋት?

ቀጮ


የካቲት 30

የኔ እናት፣ ቀጮዬ፣

ተያት። አትንገሪያት። እዚህ አልጋ ላይ ሆኖ የሌለች ሚስቱን የሚያነጋግር ሰው አይቻለሁ፤ ቀስቅሼውም አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ የመድኃኒት ክፍሉን ቆልፌ ትንሽ አለቀስኩ። አሁን ደህና ነኝ። ይህን ለሳቂታ ንገሪልኝ። እማዬ ክርንሽን አሳዪኝ ካለቻት፣ ጠባሳው ጠፍቷል ትበላት፤ የጓሮው አጥር ነበር የቧጨረኝ። እንቁላል አልወድም። «እርስዎ» እንዳትላት፣ እኔ ብያት አላውቅም፤ «እማ» ነው የምላት። «እማዬ» የምትያት አንቺ ነሽ። ሥራ እንዴት ነው ስትላት «አለቃዬ ጨምላቃ ነው» ካለቻት እማዬ ትስቃለች። እኔ ሁሌ የምላት እሱን ነው።

አንቺን አለማወቋን በአንድ አንቀጽ ጽፈሽ ማለፍሽ አንጀቴን በላው። ስድስት ወር ለማታውቅሽ እናት ስትላላኪ። ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ለአምስት ቀን። በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ።

እህትሽ


መጋቢት 16

ቀጮዬ፣

ሳልሰናበትሽ መሄዴን ይቅር በይኝ። አምስት ቀን ብዬ በሦስተኛው ቀን፣ አንቺ ዳኛው ጋ ሳለሽ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ለምን ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል፤ መልሱ ይገባሻል።

የመጣሁ ቀን ምን እንደተፈጠረ በደንብ አልነገርኩሽም። ስገባ እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ አምሮባት። «ይግቡ» አለችኝ። «እርስዎ» ስትለኝ፣ ቀጮዬ። «ከጤና ቢሮ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም። የደም ግፊቷን ለካሁላት። «እኔ ምንም አልጎደለብኝም፣ ልጄ ነርስ ናት፣ ሥራዋን ትታ መጥታልኛለች» አለችኝ፤ እንደ መኩራት ብላ። ሳቂታ ከኩሽና ብቅ ስትል፣ «ትልቄ፣ ለእንግዳዋ ሻይ አምጪላት» አለቻት። ልጅቷ ፎቶዬን ግድግዳው ላይ ታየዋለች፣ ወዲያው ነው ያወቀችኝ። ሻዩን ስትሰጠኝ እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። ተቀብዬ ጠጣሁ።

ሁለት ቀን የጤና ቢሮ ሰው ሆኜ ቆየሁ። በሦስተኛው አልቻልኩም። እግሯ ሥር ተቀምጬ «እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ደነገጠች። እጇን ከእጄ ነጠቀች። በዓይኗ ሳቂታን ፈለገች፣ ሳቂታ መጥታ እስክታቅፋት ድረስ ተንቀጠቀጠች። አንቺ ስድስት ወር የቻልሽውን እኔ ሦስት ቀን አልቻልኩም።

አሁን እኔም የደበቅኩትን ልናገር። ከሰኔ በፊት አይሆንም ያለኝ ሰው አልነበረም። በጥር ፈቃዴ በእጄ ነበር። ለሥራ ጓደኛዬ አሳልፌ ሰጠሁት። የሰው እናት ስትታመም ማየት ሥራዬ ነው፤ የኔዋን ማየት ፈራሁ። በጥር መጥቼ ቢሆን ነጭ ካፖርት ለብሳ በዚያ በር የምትገባው እኔ ነበርኩ።

ትልቋ እህትሽ


መጋቢት 30

እታለም፣

በጥር ስለነበረሽ ፈቃድ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አልተቀየምኩሽም ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ተቀይሜሻለሁ። ግን እኔም ከዚህ የባሰ አለኝ።

ዳኛው በሦስተኛው ሳምንት ደብተሬን ተቀብለውኝ ስልሳውንም ሰዓት ባንድ ቁጭታ ፈረሙልኝ። «በቃ፣ ጨዋታው አልቋል። እናትሽ ጋ ሂጂ። እኔ ፊሽካ አለኝ፣ ጎረቤት ይሰማኛል» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ግን አልሄድኩም። ሜዳው ላይ ሮጥኩ። በሚቀጥለው ቀንም፣ በሚቀጥለውም። እሳቸው በመስኮት ያዩኛል። ማንም የማይጠራኝ፣ ሠራተኛም ሌባም ያልሆንኩበት ሁለት ሰዓት ነበር። ቤት ብሆን እማዬ ሌላ ልጅ ስትስም ነው የማየው። የእንቅስቃሴ ሰዓቴ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ወጥቷል።

አሁን የሆነውን ስሚ። የሳቂታ ስልሳ ሰዓት ሞላ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ እማዬ ፀጉሯን አስበጥራ በሩን ስታይ ዋለች። ልጅቷ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ በር ላይ ሆነው፣ በትሕትና፣ ግዴታዋን ጨርሳለች፣ ፈተና ደርሷል፣ እስካሁን ስላደረገችውም ደስ ብሎናል አሉኝ። ሳቂታ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ተከትላኝ ወጥታ፣ «እናትሽ ስትስመኝ ያንቺን እየሰረቅኩ ይመስለኛል። እህትሽ ከመጣች በኋላ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። አትለምኚኝ» አለችኝ። አልሳቀችም።

ሰዓት ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ትቀጥል በላት፣ ተጨማሪ ሰዓት መዝግብላት አልኩት። ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ ከስልሳ በላይ መጻፊያ ቦታ የለውም። በመስከረም አዲሶቹ ተማሪዎች ሲጀምሩ አንድ ልጅ እመድብልሻለሁ አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ።

እማዬ መጀመሪያ ቀን ተቆጣች። ሁለተኛ ቀን «ምን ብያት ነው?» እያለች አለቀሰች። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ለኔ አፏን አትከፍትም። ማንኪያውን ሳስጠጋላት ከንፈሯን ትገጥማለች። ልብስ ሰፊዋ ስትለምናት ሁለት ጉርሻ ትወስድና ትተዋለች። ልጇ ጥላት ሄደች፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

ቀጮ


ሚያዝያ 12

ቀጮዬ፣

መኪናው ሊነሳ ነው፣ ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው።

ውኃ ትጠጣለች? በማንኪያ ጫፍ፣ በየሩብ ሰዓቱ ስጫት። እምቢ ካለች ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አርሺው። ምላሷ ደርቆ ከሆነ፣ ሽንቷ ከጠቆረ አትጠብቂ፣ ሐኪም ቤት አስተኚያት። ዳኛው ዘንድ የሮጥሽውን ተይው። ሰምተሻል? እኔ ተጠያቂ ነኝ፣ አንቺ ልጅ ነሽ።

ከዚህ ጋር ለሳቂታ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ሳትከፍቺ ስጪያት። ለምኛታለሁ። ከልጅ ጉልበት ሥር ወድቄያለሁ፣ አላፍርም። እኔ ብመጣ አትቀበለኝም፣ ልጅቷን ግን ትቀበላለች።

እህትሽ


ግንቦት 6

እታለም፣

በሬዲዮ የተላከልሽ መልእክት ከቀብሩ በኋላ መድረሱን አሁን ነው ያወቅኩት። መንገዱ በጎርፍ መቆረጡን ሹፌሩ ነግሮኛል። ማንም አልወቀሰሽም። ዳኛው በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ነበር፤ ፊሽካቸውን አውልቀው።

ስለ ትምህርት ቤት የጠየቅሽውን አስቀድሜ ልጨርሰው። ደብተሬ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ፈተናው ላይ እቀመጣለሁ። የኔና የሳቂታ ልውውጥ የዓመቱ ምርጥ የአገልግሎት ሥራ ተብሎ ተመርጧል። ባለፈው ዓርብ ወላጆች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ጠሩን። ርዕሰ መምህሯ በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰብ የሚያስታምም ተማሪ ሁሉ በዚህ መልክ እንደሚለዋወጥ ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰዓት ቆጣሪው ብቻ እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሳቂታ የምስክር ወረቀቷን ሳትቀበል ከመድረኩ ወረደች። እኔ ተቀበልኩ። እንዴት እንደሚወረድ አላወቅኩም።

አሁን ዋናውን። በመጨረሻ ጠርታኝ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንደሆነው እነግርሻለሁ።

ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ማክሰኞ ነበር። እማዬ ከበፊቱ ቀን ጀምሮ ውኃ እንኳ እምቢ ብላ ነበር። ሐኪሙ ቤት መጥቶ አይቷት፣ ካልተሻላት በነጋታው ሐኪም ቤት አስተኟት ብሎ ሄዷል። ደብዳቤሽ ገና አልደረሰም። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የራሴን ነጭ ካፖርት ለበስኩ፤ ሁላችንም አለን፣ አንድ ዓይነት ነው። ፀጉሬን እንደ ሳቂታ ወደ ኋላ አሰርኩት። በጓሮ ዞሬ በፊት ለፊት በር ገባሁና እንደሷ ሳቅሁ። ለካ መሳቅ ረስቼ ነበር፤ ድምፁ ራሴን አስደነገጠኝ።

«እማ፣ መጣሁ» አልኳት።

ፊቷን አዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንዲያ አድርጋ ካየችኝ ስምንት ወር ሊሞላት ነበር። ዓይኗ እንደ ድሮው ጠራ።

«አንቺማ ቀጮ ነሽ» አለችኝ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ። አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ሌላ ቃል አይወጣኝም። በግራ እጇ ፊቴን ዳሰሰችኝ። ከስተሻል አለችኝ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሰጠኋትን ውኃ ሦስት ማንኪያ ጠጣች። አሁን ዳነች አልኩ በልቤ፣ እግሬ ሥር ያለውን መሬት እስክስም ድረስ ደስ አለኝ።

ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ በሩን አየች።

«እህትሽ ሄደች፣ አይደል?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ስምንት ወር ለእሷም ለአንቺም ስዋሽ ነው የከረምኩት፣ አንድ ውሸት ምን ይከብዳል? ኩሽና ናት ማለት ነበረብኝ። ግን ያወቀችኝ እናቴ ናት፣ ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። አቃተኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሄደች» አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። ቀስ ብላ እጇን ከፊቴ ላይ አነሳችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ በኋላ ለማንም አልዞረችም። በነጋታው ሐኪም ቤት አስተኛናት፣ በክንዷ ውኃ ሰጧት። ደብዳቤሽ የደረሰው ሐሙስ ዕለት ነው። ሳቂታ አንብባ ሳትጨርስ ሮጣ መጣች፣ ነጩን ካፖርት ለብሳ። «እማ» እያለች ጠራቻት፣ ለመሳቅ ሞከረች፣ አለቀሰች። እማዬ ዓይኗን አልገለጠችም። ሳቂታ እስከ ቅዳሜ ከአጠገቧ አልሄደችም። ቅዳሜ ጠዋት እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ስለዚህ መልሱ አዎ ነው። የፈለገችው አንቺን ነው። ያወቀችው ግን እኔን ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ከመስከረም ጀምሮ የለመንኩት እሷን አምስት ደቂቃ ነበር። አሁን ምረጪ ብባል፣ ባታውቀኝ እመርጥ ነበር።

ቀጮ